የመጀመሪያው ኬሞ መሥራት ሲያቆም



ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ለካንሰር ሕክምና የሚጓዝ ሰው ሁለት አቅጣጫ አለው። አንዱ በደንበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በእንጅባራ አድርጎ፣ ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ያደርሰዋል። ሌላው በሉማሜና በደጀን አልፎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና በጎሐ ጽዮን ወጥቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይወስደዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ታማሚ ስለ ቀዶ ሕክምናው፣ ስለ ኬሞው፣ ስለ መዳኑ እያሰበ ነው የሚሄደው። የዛሬው ዝግጅት የሚናገረው ግን ያንኑ መንገድ ደግሞ ስለሚሄደው ሰው ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ታሟል፤ ኬሞቴራፒ ወስዷል፤ ጥቂት ወራት ተሽሎት ከርሟል። አሁን ደግሞ በሲቲ ስካን ሲታይ ጉበቱ ላይ ያለው እባጭ እንደገና እያደገ መሆኑ ተነግሮታል።

«መድኃኒቱ መሥራት አቁሟል» ሲባል ብዙ ቤተሰብ «በቃ፣ ወደ ቤት ውሰዱት» የተባለ ይመስለዋል። ሐኪሙ ግን ያንን አላለም። ለእንዲህ ያለው ታማሚ ሁለተኛ ሕክምና አለ። ምን ያህል እንደሚረዳ፣ የት ላይ እንደሚያቆም፣ ምን እንደሚያስከፍል በጥናት ተለክቷል። ከተራራማው ጎጃም ለሚመጣ ሰው ደግሞ ብርዱ፣ ጾሙ፣ ጸበሉና የመንገዱ ርቀት ጭምር ከሕክምናው ጋር ይገናኛሉ።

በቅድሚያ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትልቁ አንጀትና በፊንጢጣ ካንሰር ተይዘዋል፤ በዚያው ዓመት ከ900 ሺህ በላይ ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በአገራችን ከጡትና ከማኅጸን በር ካንሰር ቀጥሎ ስሙ የሚነሣው ይኸው ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በወንዶች ዘንድ ከቀዳሚዎቹ ተርታ አስቀምጦታል። በእኛ ሆስፒታሎች የሚታዩት ታማሚዎች አውሮፓ ካሉት ይልቅ በዕድሜ ለጋ ናቸው፤ 50 ዓመት ያልሞላቸው ብዙ ናቸው። የሚመጡትም ዘግይተው ነው። ሰገራ ላይ ደም ሲታይ «ኪንታሮት ነው» ይባላል፤ ተቅማጥና ድርቀት ሲፈራረቅ «አሜባ ነው» ተብሎ ኪኒን ይገዛል። በዚህ መሐል ወራት ያልፋሉ። ከአንጀት የሚመለሰው ደም በብዛት የሚያልፈው በጉበት በኩል በመሆኑ፣ ካንሰሩ ሲሰራጭ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈውም እዚያው ጉበት ላይ ነው።

ይህን የተሰራጨ በሽታ የሚዋጉት ዋና ዋናዎቹ የኬሞ መድኃኒቶች ሦስት ወገን ናቸው።

አንጋፋው፣ ሐኪሞች በአጭሩ «ፋይቭ ኤፍ ዩ» የሚሉት ፍሉሮዩራሲል ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ቻርልስ ሃይደልበርገርና ባልደረቦቹ በ1957 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉት። መነሻቸው የካንሰር ሴሎች ዩራሲል የተባለውን ንጥረ ነገር ከጤነኛ ሴሎች አብልጠው እንደሚወስዱ የታየው ግኝት ነበር። ስለዚህ ዩራሲልን የሚመስል፣ ሴሉ ሲወስደው ግን ዲ ኤን ኤውን እንዳያባዛ የሚያግደው ነገር ሠሩ። ብዙ ጊዜ ሉኮቮሪን ከሚባል አጋዥ መድኃኒት ጋር ይሰጣል። ካፔሲታቢን የሚባለው ኪኒንም የዚሁ ወገን ነው፤ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ፋይቭ ኤፍ ዩ ይለወጣል።

ሁለተኛው ኢሪኖቴካን ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ የተባሉ ኬሚስቶች በአሜሪካ ከአንድ የቻይና ዛፍ ካንሰርን የሚገታ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። የጃፓን ሳይንቲስቶች ያንን አሻሽለው ኢሪኖቴካንን ሠሩ። በሴል ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ እንደ ገመድ የተገመደ ስለሆነ፣ ሴሉ ሊባዛ ሲል ገመዱን በጥቂቱ በጥሶ፣ አላልቶ፣ መልሶ የሚቀጥል ኢንዛይም አለው። ኢሪኖቴካን መቀጠሉን ይከለክለዋል፤ የተበጠሰው እንደተበጠሰ ይቀራል፤ ሴሉም ይሞታል። ሦስተኛው ኦክሳሊፕላቲን ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. በጃፓን ናጎያ ከተማ ዮሺኖሪ ኪዳኒ የሠሩት ይህ የፕላቲነም መድኃኒት የዲ ኤን ኤውን ክሮች እርስ በርስ ያጣብቃል።

ሦስቱም የሚመቱት የተለያየ ቦታ ነው። ለዚህም ነው አጣምሮ መስጠት የሚጠቅመው፤ አንዱን መድኃኒት የተላመደ የካንሰር ሴል ሌላውን ላይችለው ይችላል። በርግጥ ጉዳታቸውም አብሮ ይደመራል። ስለዚህ ሐኪም ከማዘዙ በፊት ታማሚው ራሱን ችሎ መንቀሳቀሱን፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ከአልጋ ውጭ ማሳለፉን ይጠይቃል። አቅሙ ለጥምረቱ ካልበቃ አንድ መድኃኒት ብቻ ሊሰጠው ይችላል። የጉበቱ ምርመራም ወሳኝ ነው፤ ዓይኑ ቢጫ ለሆነ ሰው ኢሪኖቴካን አደገኛ ነው።

ኢሪኖቴካን ወደ አንጀት ካንሰር ሕክምና የገባው ለሁለተኛ ሕክምናነት ነበር። አሜሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው ፋይቭ ኤፍ ዩ ወስደው በሽታው ላደገባቸው ሰዎች ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውሮፓ ጥናት 279 እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ። አንዱ ወገን ሕመምን የሚያስታግስ እንክብካቤ ብቻ አገኘ፤ ሌላው በዚያ ላይ ኢሪኖቴካን ተጨመረለት። ከአንድ ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት በመጀመሪያው ወገን ከ100 ሰው 14 ያህሉ፣ በሁለተኛው 36 ያህሉ ናቸው። መድኃኒቱን የወሰዱት ጉዳቱን ችለውም ቢሆን ክብደታቸውና አቅማቸው ቶሎ አልወደቀም። ይህ ቁጥር ለአንዱ ብዙ፣ ለሌላው ጥቂት ሊመስል ይችላል። የልጁን ሠርግ ለሚጠብቅ አባት ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው። በበሽታው ምክንያት የሚመጣው ሞት ግን ለአብዛኞቹ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ ይህንንም ሐኪሙ ሳይሸፋፍን መናገር አለበት።

ታዲያ ሁለተኛው ሕክምና የቱ ይሁን? መልሱ በመጀመሪያው ላይ የተመሠረተ ነው። ፋይቭ ኤፍ ዩና ሉኮቮሪን ከኦክሳሊፕላቲን ጋር ሲጣመሩ ፎልፎክስ፣ ከኢሪኖቴካን ጋር ሲጣመሩ ፎልፊሪ ይባላሉ። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ የፈረንሳይ ጥናት 220 ታማሚዎችን ይዞ ግማሾቹን በፎልፊሪ አስጀምሮ፣ በሽታው ሲያድግ ወደ ፎልፎክስ አዛወራቸው፤ ግማሾቹን በተቃራኒው። ግማሽ ያህሉ ታማሚዎች በሕይወት የቆዩበት ጊዜ በአንደኛው መንገድ 21.5 ወር፣ በሌላኛው 20.6 ወር ሆነ፤ የሚባል ልዩነት የለውም። ሁለተኛው ላይ ሲደረስ እባጩ በግልጽ የቀነሰላቸው ግን ከ100ው በአንደኛው መንገድ 15፣ በሌላኛው 4 ብቻ ነበሩ። በሁለተኛው ሕክምና እባጭ መቀነሱ ብርቅ ነው፤ በሽታው ባለበት መቆሙ ራሱ እንደ ውጤት ይቆጠራል። ታማሚውም «አልቀነሰም» ሲባል ወዲያው ተስፋ እንዳይቆርጥ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው።

እንግዲህ በኦክሳሊፕላቲን የጀመረ ወደ ኢሪኖቴካን፣ በኢሪኖቴካን የጀመረ ወደ ኦክሳሊፕላቲን ይዛወራል ማለት ነው። ይህን ለመወሰን ሁለተኛው ሐኪም መጀመሪያ የተሰጠውን መድኃኒት፣ መጠኑን፣ ስንት ዙር እንደተወሰደና መቼ እንዳበቃ ማወቅ አለበት። አንድ ታማሚ ቀዶ ሕክምናውን ደብረ ማርቆስ፣ ኬሞውን አዲስ አበባ፣ ክትትሉን ባሕር ዳር ሊያደርግ ይችላል። ካርዱ ግን እያንዳንዱ ሆስፒታል ውስጥ ለየብቻ ተቀምጦ ይቀራል። «ምን ወሰድህ?» ሲባል «በግሉኮስ የሚገባ ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት» የሚል መልስ ሐኪሙን አይረዳውም። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጡ የሕክምናውን ማጠቃለያ ማስጻፍ፣ የፓቶሎጂውን ውጤት ኮፒ መውሰድ፣ የሲቲ ስካኑን ፊልም በላስቲክ ጠቅልሎ ከዝናብ መጠበቅ ከመድኃኒቱ እኩል ዋጋ አለው። ወረቀቱ ቤት ውስጥ ከመሬት ግብር ደረሰኙ ጋር ቢቀመጥ አይጠፋም።

ፎልፊሪም ሆነ ፎልፎክስ በየ14 ቀኑ ይሰጣል። ፋይቭ ኤፍ ዩው መጀመሪያ በመርፌ ከገባ በኋላ ለ46 ሰዓት በዝግታ መንጠባጠብ አለበት። ሀብት ባለበት አገር ታማሚው ትንሽ ፓምፕ በወገቡ ታጥቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፓምፕ በሌለበት ሁለት ሌሊት አልጋ ይዞ መተኛት ግድ ነው። በየሁለት ሳምንቱ 600 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ፣ ሁለት ሌሊት አልጋ፣ የአስታማሚ ማደሪያ፤ ይህን የሚችል ገበሬ ጥቂት ነው። ለዚህ ካፔሲታቢን ትልቅ እፎይታ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ከጃፓን፣ ከደቡብ ኮሪያና ከቻይና የተውጣጡ 650 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ታትሟል። ሁሉም ለሁለተኛ ጊዜ የሚታከሙ ነበሩ። ኢሪኖቴካን በየሦስት ሳምንቱ ተሰጥቶ ካፔሲታቢን በኪኒን ሲወሰድ፣ መጠናቸውም ዝቅ ሲደረግ፣ ከፎልፊሪ የማያንስ ውጤት ተገኘ፤ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ 16.8 ወር ሲሆን በፎልፊሪ 15.4 ወር ነበር። ተቅማጡ ትንሽ በዛ፤ የነጭ የደም ሴል መውረዱ ግን በእጅጉ ቀነሰ። እንዲህ ያለው ጥምረት ለሩቅ አገር ሰው የበለጠ የሚመች ይመስላል፤ ታማሚውም «በኪኒን የሚሆን አማራጭ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ደጋው እንመለስ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ኦክሳሊፕላቲን ደግሞ ከብርድ ጋር አይስማማም። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር መንካት ጣትን ይነዝራል፤ ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣት ጉሮሮን ጭምድድ አድርጎ ትንፋሽ ያጠረ ያስመስላል። በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ ከምንጭ ውሃ የምትቀዳ ሴት፣ በክረምት ጭቃ ውስጥ የሚሄድ ገበሬ ይህን ሳይነገረው ቢያጋጥመው ሞት የመጣ ይመስለዋል። ለብ ያለ ውሃ መጠጣት፣ ጓንትና ካልሲ ማድረግ፣ አፍንና አፍንጫን በነጠላ ወይም በጋቢ መሸፈን ያግዛል። ድንዛዜው በየዙሩ እየተጠራቀመ ቁልፍ ለመቆለፍ፣ መርፌ ለመያዝ እስኪያስቸግር ከደረሰ ሐኪሙ መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒቱን ማቆም ስላለበት ዝም ብሎ መቻል ጉዳት ያመጣል።

ጸበል የሚጠመቁ ታማሚዎችም ይህን ይወቁት። በእምነታቸው መጽናናት መብታቸው ነው፤ ሐኪምም ሊያከብረው ይገባል። ነገር ግን ኦክሳሊፕላቲን በገባበት ሳምንት በማለዳ ቀዝቃዛ ጸበል መጠመቅ ነርቭን ክፉኛ ያሳምማል። ቀኑን ከሐኪሙም ከንስሐ አባትም ጋር ተነጋግሮ ማስተካከል ይቻላል። ጾምም እንዲሁ ነው። ካፔሲታቢን የሚዋጠው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ከተበላ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ኪኒን በባዶ ሆዱ ይውጠዋል ወይም ይዘለዋል፤ ሁለቱም ጥሩ አይደሉም። ለታመመ ሰው የንስሐ አባቱ ፈቃድ እንደሚሰጡት ብዙዎች ያውቃሉ፤ ሳይጠይቁ የሚጨነቁ ግን አሉ። ይኸው ኪኒን መዳፍንና ውስጥ እግርን ያቀላል፣ ይልጣል። እርፍ መጨበጥ፣ በባዶ እግር መሄድ፣ በምጣድ ሙቀት ላይ መዋል ያባብሰዋል፤ ቫዝሊን መቀባትና ለጊዜው ከሥራው ማረፍ ይረዳል።

ኢሪኖቴካን ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይጠይቃል። መድኃኒቱ እየገባ ሳለ የሚመጣ ቁርጠት፣ ላብና ተቅማጥ አለ፤ ያንን ነርሶች ወዲያው በመርፌ ያቆሙታል። አስጊው ከአንድ ቀን በኋላ የሚጀምረው ተቅማጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ታማሚው ዓባይን ተሻግሮ ቤቱ ከገባ በኋላ ይመጣል። ሰውነትን በአንድ ሌሊት ውሃ አሳጥቶ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጣ ሎፔራማይድ የተባለውን ኪኒንና ኦ.አር.ኤስ. በእጁ ይዞ፣ አወሳሰዱን በአማርኛ አስጽፎ መውጣት አለበት። ለዚህ ተቅማጥ የሚታዘዘው መጠን ለተራ ተቅማጥ ከሚታወቀው ይበልጣል፤ መድኃኒት ቤቱ በልማድ ከሚናገረው ይልቅ የካንሰር ሐኪሙን ትእዛዝ መከተል ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ትኩሳት። ኬሞ ከተወሰደ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴሎች ዝቅ ይላሉ። በዚያን ጊዜ ሙቀቱ 38 ዲግሪ የደረሰ ታማሚ ድንገተኛ ሕመምተኛ ነው። በየጤና ጣቢያው ትኩሳት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ወይም ታይፎይድ ነው፤ ልማዱ ከአካባቢው በሽታ የመጣ ስለሆነ አያስወቅስም። ኬሞ የወሰደን ሰው ግን የወባ ኪኒን ሰጥቶ ወደ ቤቱ መመለስ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ በሰዓታት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ለዚህ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም፣ የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በቂ ነው። ታማሚው ገና በሩ ላይ «ኬሞ ላይ ነኝ» ብሎ ወረቀቱን ማሳየት አለበት። በዚህ ወቅት ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት አይነካም። የባህል መድኃኒት የሚወስድም ከሆነ ሳይፈራ ለሐኪሙ ይንገረው፤ ጉበትን የሚነኩ ቅጠሎች ከኬሞው ጋር ሊጋጩ ይችላሉ።

ገንዘቡና አቅርቦቱም ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ኦክሳሊፕላቲንን፣ ኢሪኖቴካንንና ካፔሲታቢንን ለተሰራጨ የአንጀት ካንሰር መሠረታዊ መድኃኒቶች ብሎ መዝግቧል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለስድስት የአፍሪካ አገሮች የካንሰር መድኃኒቶችን በቅናሽ ለማቅረብ ከሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ስምምነት ተደርጓል። ያም ሆኖ መድኃኒቱ ከሆስፒታል ሲጠፋ ታማሚው ከግል ፋርማሲ ሊገዛ ይገደዳል፤ በሬ የሸጠ፣ መሬት ያከራየ ብዙ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ሰው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈር ወረቀቱን በደረጃው ማስያዝ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ዙር ይዘለላል። እንዲህ ሲሆን በዘፈቀደ ጊዜ ከመቀጠል ይልቅ ለሐኪሙ ስልክ ደውሎ አዲስ ቀጠሮ መያዝ ይሻላል። አዲስ አበባ ማረፊያ ላጡ ታማሚዎች በ2004 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ድጋፍ ያደርጋል።

ቀሪው ጉዳይ ከባዱ ነው። በብዙ ቤተሰብ ልጆች ሐኪሙን ወደ ጎን ጠርተው «ለአባባ እንዳትነግሩብን፣ ይደነግጣሉ» ይላሉ። ከፍቅር የመነጨ ልመና ነው። ነገር ግን ሁለተኛው ሕክምና የሚያስመርጥ ሕክምና ነው፤ ጥቂት ወራት ለማግኘት ስንት ጊዜ መጓዝ፣ ስንት ቀን መታመም፣ ስንት ብር ማውጣት ይገባል የሚለውን መመለስ የሚችለው ታማሚው ብቻ ነው። ሕመሙን የማያውቅ ሰው ይህን ሊመርጥ አይችልም። «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ ራሳቸውን መጠየቅ ከመደበቅ ይሻላል፤ ብዙ አባቶችና እናቶች አስቀድመው ጠርጥረው ልጆቻቸው እንዳያዝኑ ብለው ዝም ያሉ ናቸው።

ሁለተኛው ሕክምና ከተጀመረ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ሲቲ ስካኑ ይደገማል። በሽታው ከቆመ ወይም ከቀነሰ ይቀጥላል፤ ካደገ መድኃኒቱ ይቆማል። ከዚያ በኋላም በውጭ አገር የሚሰጡ አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ። ትራይፍሉሪዲን የያዘው ኪኒን ቤቫሲዙማብ ከተባለ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ ዕድሜን ከ7.5 ወደ 10.8 ወር እንዳራዘመ በ2023 እ.ኤ.አ. ታይቷል፤ ዋጋቸው ግን ለአብዛኛው የአገራችን ታማሚ የሚቀመስ አይደለም። ኬሞው ሲቆም ደግሞ ሕክምናው በሌላ መልኩ ይቀጥላል። ሕመም፣ ማስመለስ፣ የአንጀት መዘጋት፣ በሆድ ላይ የተከፈተው የሰገራ መውጫ ንጽሕና፣ እነዚህ ሁሉ ቤት አጠገብ ባለ ሆስፒታል የሚታከሙ ናቸው። ለጽኑ ሕመም የሚጠጣ ሞርፊን አለ፤ ሕመሙ ሲብስ ብቻ ሳይሆን በየአራት ሰዓቱ በሰዓቱ ይወሰዳል። ሱሰኛ ያደርጋል ተብሎ ሊከለከል አይገባም። ሆድ ስለሚያደርቅ አንጀቱ ላልተዘጋ ታማሚ የሰገራ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል፤ አስታማሚው ሁለቱንም ተቀብሎ፣ መጠናቸውን አስጽፎ ነው ወደ ቤት መመለስ ያለበት።